የትርንጎ ሩብ አውሮፕላን

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 4 የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ፣ ስምንት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለች። በሯ ላይ ስም አልተጻፈም። የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ የወደብ ትራንዚተሮችና ከነፃ የንግድ ቀጠናው ለምሳ የሚመጡ ጸሐፊዎች ሁላችንም “ትርንጎ ጋ” ነው የምንላት። ባለቤቷ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። አጠር ያለች፣ ድምፅዋ ወፈር ያለ፣ ሒሳብ ስትሠራ ከንፈሯን የምታንቀሳቅስ ሴት ናት። ዓሣ በሩዝ፣ ጥብስና ሽሮ ትሸጣለች። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የአንድ አውሮፕላን ሩብ ባለቤት ናት። ይህን ለአዲስ ደንበኛ ስንነግረው ቀልድ ይመስለዋል።

ትርንጎ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ የመጣችው በሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ሁለት ሰው ቤት ተቀጥራ ሠርታ ሦስተኛው ላይ ረጋች። አሠሪዋ ሙሴ ዤራር የሚባል ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም ነበር። እዚያው ቤት እየኖረች ምግብ ታበስላለች፣ ቤት ትይዛለች። ሙሴ ዤራር አንዲት ባለ አንድ ሞተር፣ አራት ሰው የምትይዝ አሮጌ ሴስና አውሮፕላን ነበረችው። ሚስቱን አየር ላይ ስለሚያቅለሸልሻት አብራው አትወጣም፤ እሱ ደግሞ ብቻውን መብረር አይወድም። አንድ ዓርብ ጠዋት ትርንጎን ነይ አላት።

የመጀመሪያውን ቀን ዓይኗን እንደጨፈነች ሄዳ እንደጨፈነች ተመለሰች። በሁለተኛው ሳምንት ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሲደርሱ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ከዚያ በኋላ ዓርብ እስኪደርስ ትቆጥር ጀመር። ሙሴ ዤራር ሥራ ሰጣት፤ የተነሱበትንና ያረፉበትን ሰዓት፣ የገባውን ቤንዚን ሊትር በደብተር ትጽፋለች። እንዲህ እያሉ አሥራ አንድ ዓመት በረሩ። አሳል ሐይቅን ከላይ ስታየው የተደፋ ወተት ይመስላል ትላለች። ከእኛ ውስጥ ያንን ያየ ስለሌለ የሚከራከራት የለም።

ከስምንት ዓመት በፊት ያጠራቀመችውን ይዛ ከቤቱ ወጣችና ምግብ ቤቷን በኪራይ ከፈተች። በሰላም ነው የተለያዩት። ሙሴ ዤራር በየሳምንቱ እየመጣ ዓሣ ይበላል፣ ሒሳቡንም እንደ ማንም ሰው ይከፍላል።

ነገሩ የተጀመረው ካቻምና መስከረም ላይ ነው፤ ሙቀቱ በረድ ያለበት፣ ሰው ቀና ብሎ መሄድ የጀመረበት ሰሞን። ሙሴ ዤራር ምሳውን ጨርሶ፣ ጡረታ ሊወጣና አገሩ ሊገባ መሆኑን ነገራት። አውሮፕላኗን የሚገዛ አላገኘም። የውጭ ሰዎች ዋጋዋን ይወዱታል፣ ማጓጓዣውን ሲሰሙ ይጠፋሉ። ሦስት ሚሊዮን ፍራንክ ለሚሰጠው እንደሚለቃት፣ ትርንጎ ከፈለገች ደግሞ ቅድሚያው የእሷ እንደሆነ እየሳቀ ነገራት።

እሷ ግን አልሳቀችም። ባንክ ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ከሁለት መቶ ሺህ ነበራት። ገንዘቡን ያስቀመጠችው ለምግብ ቤቱ ነበር፤ የቤቱ ባለቤት አንድ ቀን እሸጠዋለሁ ስላላት ነው። ነገር ግን የዚያን ቀን ከሰዓት ሽንኩርት ስትከትፍ የሚታያት የምግብ ቤቱ ግድግዳ አልነበረም። በኋላ እንደነገረችኝ፣ የምታስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓርብ አውሮፕላኗ የማን ትሆናለች?

በማግስቱ ሙሚን ዘንድ ሄደች። ሙሚን ተወልዶ ያደገው ድሬዳዋ ነው። አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ሠላሳ ዓመት በመካኒክነት ሠርቶ ጡረታ ከወጣ በኋላም የሙሴ ዤራርን ጨምሮ ጥቂት ትንንሽ አውሮፕላኖችን የሚያይ እሱ ነው። ካርቲየ 3 ባለው ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችውና ሐሳቧን ነገረችው። ሙሚን የሰውን ሕልም በችኮላ የሚያፈርስ ሰው አይደለም። ወንበር አውጥቶ አስቀመጣትና ቀስ ብሎ ጀመረ።

“አውሮፕላን መግዛት ቀላል ነው፤ ሰው የሚደኸየው ቆማ ስታድር ነው” አላት።

ከዚያ አንድ በአንድ ዘረዘረላት። የመቆሚያ ኪራይ አለ። ኢንሹራንስ አለ። በዓመት አንድ ጊዜ ሆዷ ተከፍቶ የሚደረግ ምርመራ አለ። ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ ደግሞ ጨው አለ፤ ጨው እንደ መንግሥት ሠራተኛ ዓርብና ቅዳሜ አያርፍም፤ አውሮፕላኗ በረረች አልበረረች ብረቷን ይበላል። ለዚህና ለድንገተኛ ብልሽት የሚቀመጠው ሁሉ ሲደመር፣ ከመሬት ሳትነሳ በዓመት አንድ ሚሊዮን ተኩል ፍራንክ ትፈጃለች። ስትነሳ ደግሞ ለቤንዚን፣ ለዘይትና አንድ ቀን መታደሱ ለማይቀረው ሞተር በሰዓት ሃያ ሺህ ይጨመራል።

ትርንጎ ወደ ኦቦክና ወደ ታጁራ ሰው እያመላለስኩ ባስከፍልስ ብላ ጠየቀች። ሙሚን ራሱን ነቀነቀ። ሰው በገንዘብ ለማሳፈር ድርጅት፣ ልዩ ፈቃድና ለዚያ የተመዘገበ አብራሪ ያስፈልጋል፤ እሱን ተዪው አላት። ለራስሽ ከሆነ ግን፣ አለ ቀጥሎ፣ መልሱ ያለው አንድ ቁጥር ላይ ነው፤ በዓመት ስንት ሰዓት ትበራለች?

ያንን ቁጥር ከትርንጎ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ደብተሮቹ የሙሴ ዤራር መሳቢያ ውስጥ ስለነበሩ ሄዳ አስወጣቻቸውና ምግብ ቤቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ደመረች። አሥራ አንዱ ዓመት ሦስት መቶ ዘጠና ስድስት ሰዓት ወጣው። በዓመት ሠላሳ ስድስት ማለት ነው። አንድ ሚሊዮን ተኩሉን ለሠላሳ ስድስት አካፍላ፣ ሃያ ሺዋን ስትጨምርበት፣ ሙሴ ዤራር ለእያንዳንዷ ሰዓት ስልሳ ሁለት ሺህ ገደማ ሲከፍል ኖሯል። ስህተት መስሏት እንደገና ሠራችው፤ ያው ነው።

ያን ጊዜ ኢማን ትዝ አለቻት። ኢማን ጅቡቲያዊት ናት፤ ካርቲየ 3 ነው ያደገችው፤ አባቷ ጀላሉዲን ዓሣ ነጋዴ ነው፤ የትርንጎ ዓሣም የሚመጣው ከእሱ ጀልባዎች ነው። ልጅቷ ኢትዮጵያ ሄዳ አብራሪነት ተማረች፣ አማርኛም አብራ ይዛ መጣች። ፈቃዷን ብታገኝም አየር መንገዶች ከዚያ በላይ ብዙ የበረራ ሰዓት ስለሚጠይቁ፣ እስከዚያው ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ የኮንቴነር ወረቀት ትሞላለች። በየሦስት ወሩ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ፣ በባቡር ወደ ኢትዮጵያ ተሻግራ፣ ሁለት ቀን ተከራይታ በርራ ትመለሳለች።

ለምሳ ስትመጣ ትርንጎ ከፊቷ ተቀመጠችና ተከራይታ ስትበር በሰዓት ስንት እንደምትከፍል ጠየቀቻት። ኢማን ከነቤንዚኑ በእኛ ገንዘብ አርባ አምስት ሺህ ይመጣል አለች፤ ባቡሩንና ማደሪያውን ሳይጨምር።

ትርንጎ ሳቀች። የገዛ አውሮፕላኑን ቁልፍ በኪሱ ይዞ ሲዞር የኖረው ሰውዬ፣ በባቡር ተጉዛ ከምትከራየው ልጅ በሰዓት አሥራ ሰባት ሺህ አብልጦ ይከፍል ነበር ማለት ነው። ሁለቱ ሴቶች ሳህኑን ገፋ አድርገው ወረቀት አወጡ። በዓመት ስልሳ ሰዓት ሲሞላ የኪራዩና የባለቤትነቱ ዋጋ እኩል እንደሚሆን አገኙ። ከዚያ በታች የሚበር ሰው ቢከራይ ይሻለዋል። ከዚያ በላይ የሚበር ግን ቢከራይ በገንዘቡ የሰው አውሮፕላን ያድሳል።

ትርንጎ ይህን ለሙሴ ዤራር ነገረችው። መጀመሪያ አላመነም፤ ደብተሩን ስታሳየው ሚስቱ ጆሮ እንዳይደርስ ለመናት። ከዚያ ግን በቁም ነገር አንድ ነገር ነገራት። የተከራዩት አውሮፕላን የሌላ ሰው ሰዓት ላይ ነው የሚበረው፤ ወንበሩ ለሌላ ሰው እግር የተስተካከለ ነው፤ መመለሻው ሲደርስ ዳመናው ቢያምርም ትመለሳለህ። የራስህ ከሆነ ጠዋት ነፋሱን አይተህ ትነሳለህ። ለእሱ አሥራ ሰባት ሺዋ የዚያ ዋጋ ነበረች፤ አልጸጸተውም።

ትርንጎ ይህን በደንብ አሰበችበት። ሰውዬው ትክክል ነው፣ ግን ጥርስ ሐኪም ነው። እሷ ሽሮ ሻጭ ናት።

በሦስተኛው ቀን እሷና ኢማን አሁንም ወረቀታቸው ላይ አጎንብሰው ሲያባዙና ሲያካፍሉ፣ ከጎናቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ ጋሽ ከበበው ይበላ ነበር። ጋሽ ከበበው የስልሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው፤ ከወደብ የሚወጡ መኪኖችን ያሰማራል። ምግብ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ በየቀኑ ያችው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ “እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ የዘለለ ቃል ከአፉ የሰማ ሰው አልነበረም። የዚያን ቀን ማንኪያውን አስቀመጠና ዞረ።

“ሞተሯ ለእድሳት ስንት ሰዓት ቀርቶታል?” አለ።

ኢማን ቀና ብላ አየችው። ይህን ከሙያው ውጪ ያለ ሰው አይጠይቅም። ስምንት መቶ እንደቀረው ነገረችውና እንዴት ሊጠይቅ እንደቻለ ጠየቀችው። ጋሽ ከበበው እጁን በሶፍት ጠርጎ ሲጨርስ፣ በወጣትነቱ አዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻ ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጩ አውሮፕላኖችን ያበርር እንደነበር ተናገረ። ከሰው ራስ ብዙም ከፍ ሳይል፣ በዛፍና በስልክ ሽቦ መሐል፣ አራት ሺህ ሰዓት በርሯል። ሥራው ሲቆም ልጆች ማሳደግ ስለነበረበት ጅቡቲ መጥቶ መኪና ማሰማራት ጀመረ። ሃያ ሁለት ዓመት የአውሮፕላን መሪ አልጨበጠም።

ትርንጎ ለምን አንድም ቀን እንዳልነገረን ጠየቀችው።

“ማን ጠየቀኝ?” አለ ጋሽ ከበበው። በቅሬታ አልነበረም፤ እንዲያው እንደ እውነት ነው ያለው።

ከዚያ ወረቀቱን ወደራሱ ሳበና አየው። ሒሳባቸው ላይ ስህተት የለም፤ ስህተቱ የሚካፈለው ሰው ቁጥር ላይ ነው አላቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። እሱ በወር አራት ሰዓት ቢበር፣ ኢማን ሰባት ብትበር፣ በዓመት መቶ ሠላሳ ሁለት ሰዓት ይመጣል። ያን ያህል የምትበር አውሮፕላን በሰዓት ከሠላሳ ሁለት ሺህ አትበልጥም። ማንም ተከራይቶ በዚህ ዋጋ አያገኝም። ኢማን ከአባቷ ጋር ተነጋግራ ሰባቱን ሰዓት እችላለሁ አለች፤ የባቡሩና የማደሪያው ወጪ ብቻ ሁለቱን ሰዓት ይሸፍንላታል።

ሙሚን አራተኛ ሆኖ ገባ። ገንዘብ ስለሌለው ድርሻውን በእጁ ሙያ ሊከፍል ተስማሙ። የቀረው ዋጋው ነበር፤ እሱን ትርንጎ ያዘችው። ሙሴ ዤራርን ዓሣ አብልታ፣ አውሮፕላኗን ወደ ፈረንሳይ ለማስጫን ስንት እንደሚያስወጣው በትሕትና ጠየቀችው። ነገራት። እዚሁ ትቷት ቢሄድ ለመቆሚያ በየወሩ ስንት እንደሚልክም ጠየቀችው። ያንንም ነገራት። ሁለተኛውን መልስ ሲጨርስ ወዴት እየወሰደችው እንደሆነ ገባውና በሁለት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ተጨባበጡ። ሦስቱ ስምንት ስምንት መቶ ሺህ አዋጡ። ሙሚን መፍቻውን ይዞ መጣ።

የትርንጎ እህት ይህን ሰምታ ከኮምቦልቻ ስትደውል እዚያው ነበርኩ። ማብረር ሳትችይ ምን ሊያደርግልሽ ነው ብላ ጮኸችባት መሰለኝ፣ ትርንጎ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አደረገችው። ረጋ ብላ መለሰች፤ ሰው ወርቅ ገዝቶ ሳጥን ውስጥ ይቆልፋል፣ የኔ ቢያንስ ትነሳለች አለቻት። ደግሞም ሌሎቹ እስከበረሩ ድረስ ከኪሷ ብዙም አይወጣም፤ የሰዓት ክፍያው ወጪውን ይችላል።

ጋሽ ከበበው ፈቃዱን ለማደስ የጤና ምርመራ አለፈ፣ እንደ ተማሪ መጽሐፍ ይዞ ተቀመጠ፣ ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ከአስተማሪ ጋር በረረ። ሲመለስ ሰላምታው ረዘም ብሎ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት እንደ ወረቀቱ አልሄደም። ሰኔ ላይ የጅቡቲ ሙቀት ሲገባ ከምዕራብ የሚነሳው አሸዋ የያዘ ነፋስ ሳምንት ሙሉ ይነፍስና አውሮፕላኗ ታስራ ትውላለች። ሙቀቱ አርባ አምስት ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ መነሳት አይታሰብም። በዚያ ላይ ነሐሴ ውስጥ ሙሚን አንዱ ሲሊንደር መሰንጠቁን አገኘ። ሦስት መቶ ሺህ ፍራንክ ተጠየቁ፤ የተበረረው ሰዓት ስላነሰ የሰዓት ክፍያው የሚጠራቀምበት ሣጥን ባዶ ነበር። ኢማን ተናደደች፣ ተከራይቼ ብቀር ይሻለኝ ነበር አለች። ትርንጎ የድርሻዋን መቶ ሺህ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ ተከራይ ሆና ቢሆን ይህ ሲሊንደር በኪራዩ ውስጥ ተቆጥሮ ሳታየው እንደምትከፍለው አስረዳቻት። ኢማን ጥቂት አሰበችና በማግስቱ የእሷን አመጣች።

በዚያው ወር የምግብ ቤቱ ባለቤት ቤቱን ሊሸጥ መወሰኑን ነገራት። ሁለት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ጠየቀ። ትርንጎ እጇ ላይ የቀራት ሁለት ሚሊዮን ከሦስት መቶ ሺህ ነበር። አንዳንዶቻችን በልባችን ይኸው አውሮፕላኗ ጉድ አደረገቻት አልን። አንድ ሾፌር እንደውም ድርሻዋን ሸጣ ቤቱን እንድትገዛ፣ ወይም ቤቱን ትታ ኪራይዋን እንድትቀጥል መከራት፤ ራሷ ትንሽ ለሚበር ሰው ኪራይ ይሻላል ስትል ሰምቷታልና።

“እዚህ ቤት ውስጥ እኮ በቀን አሥራ አራት ሰዓት ነው የምበረው” አለችው።

ስቀን ሳንጨርስ እርሳስ አወጣች። በወር ስልሳ ሺህ የምትከፍለው ኪራይ በአራት ዓመት ቤቱን ሊገዛ ምንም እንደማይቀረው አሳየችን። ለባለቤቱ ሁለት ሚሊዮኑን በአንድ ጊዜ ልትሰጠው፣ የቀረውን ኪራይ ትከፍልበት በነበረው ልክ በየወሩ ልትጨርስ ጠየቀችው። ሰውዬው ልጁን ሊድር ስለነበር ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል። ተስማማ። ከአሥራ አራት ወር በኋላ፣ ባለፈው ጥቅምት፣ ወረቀቱ በስሟ ዞረ።

አውሮፕላኗም ተጠግና ተመለሰች። ያ ነሐሴ አልፎ መስከረም ላይ ነፋሱ ሲተኛ ኢማን በሙቀቱ ወራት የጎደለውን ሰዓት ለማካካስ በሳምንት ሦስቴ ትወጣ ጀመር። ሁለተኛው ዓመት ሲዘጋ አውሮፕላኗ በዓመቱ መቶ አርባ አንድ ሰዓት በርራለች። የሰዓቱ ዋጋ ወደ ሠላሳ አንድ ሺህ ወረደ። ኢማን የሚያስፈልጋትን ሰዓት ልትሞላ ትንሽ ነው የቀራት፤ ለሁለት አየር መንገዶች ማመልከቻ አስገብታ ከአንዱ ለፈተና ተጠርታለች። ከሄደች ድርሻዋን የሚገዛ መፈለግ ይኖርባቸዋል። ሙሚን ይህንን ሲያነሳ ትርንጎ ወሬውን ትቀይራለች፤ ልጅቷ እንድትሄድ ትፈልጋለች፣ እንድትሄድባት ደግሞ አትፈልግም።

ባለፈው ዓርብ እኔንም ይዘውኝ ወጡ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አምቡሊ ተገናኘን። ሙሚን ክንፎቹን ጨው በሌለው ውኃ አጥቦ እየጠበቀን ነበር። ኢማን በግራ ወንበር፣ ትርንጎ በቀኝ፣ እኔና ጋሽ ከበበው ከኋላ ተቀመጥን። ከመሬት ስንለቅ እጄ የወንበሩን ጠርዝ ይዞ አልለቅም አለ፤ ማንም አላየኝም መሰለኝ። ወደቡ ከነመርከቦቹ ከሥራችን አለፈ፣ ሙሻ ደሴት አለፈች፣ ከዚያ ባሕሩ ጸጥ ብሎ ተዘረጋ።

ኢማን አውሮፕላኗን አስተካክላ እጇን ከመሪው አነሳችና፣ “እትዬ ትርንጎ፣ ያዢያት” አለች።

ትርንጎ የደብተሩን እርሳስ አፏ ውስጥ አደረገችና መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። አንገቷ ሥር ላቡ ሲወርድ ከኋላ ይታየኛል። የአውሮፕላኗ አፍንጫ ከአድማሱ ትንሽ ዝቅ አለ፣ ከፍ አለ፣ ቀስ በቀስ ረጋ። ኢማን ሰዓቷን አየች። አራት ደቂቃ ሙሉ ትርንጎ ወደ ታጁራ ተራሮች ቀጥ አድርጋ አበረረችን። ጋሽ ከበበው ምን ይል ይሆን ብዬ ዞር ስል፣ አራት ሺህ ሰዓት የበረረው ሰውዬ ራሱን መስኮቱ ላይ ጣል አድርጎ እንቅልፉን ይለጥጣል።